የቢትኮይን አድራሻ ምንድን ነው? የማኅበራችንንስ ቁልፍ ማን ይያዝ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

የተሰጠኝ ርእስ ከሙያዬ የራቀ ይመስላል። እኔ ነርስ ነኝ። አሜሪካ መጥቼ በነርስነት ዲግሪዬን ከያዝኩ ጀምሮ የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ኮሚቴው ግን «ወጣቶቹ ያመጡትን ሐሳብ ለሁላችንም በሚገባ አማርኛ አስረጂን» አለኝ። ከባድ ነገርን ለታማሚና ለቤተሰቡ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ እሺ አልኩ። ወራት ወስጄ አነበብኩ፤ የሚያውቁትንም እየዞርኩ ጠየቅሁ።

እንደምታውቁት ሐሳቡ፣ ለጤና ጣቢያችን የማዋለጃ ክፍል የምናሰባስበውን ገንዘብ በቢትኮይንም እንቀበል፣ የማኅበሩንም አድራሻ በገጻችን ላይ እንለጥፍ የሚል ነው። በጣም የሚደግፉ አሉ። «የእናቶችን ገንዘብ ለሌባ አታጋልጡ» የሚሉም አሉ። የሁለቱንም ወገን ክርክር ስሰማ አንድ ነገር አስተዋልኩ። «አድራሻ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር አድርገን ነው የምንረዳው። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር። ባንክ ገንዘብ ልታወጡ ስትሄዱ «ማን ነህ? ማን ነሽ?» ይላል። መታወቂያ ያያል፣ ፊርማ ያመሳክራል፣ ከተጠራጠረም ያቆያል። የቢትኮይን መረብ ይህን ጥያቄ ፈጽሞ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «በዚህ ገንዘብ ላይ የተጻፈው ቅድመ ሁኔታ ተሟልቷል ወይስ አልተሟላም?» ብቻ ነው። ያሟላ ይወስዳል፤ ያላሟላ ባለቤቱም ቢሆን አያገኝም። ስለዚህ ባንክ ቤቱ ያደርግልን የነበረውን ጥንቃቄ እኛው ቀድመን በቅድመ ሁኔታው ውስጥ መጻፍ አለብን። ዛሬ የምናገረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

አድራሻው ከየት ይመጣል?

የቢትኮይን ንድፍ የወጣው በፈረንጆቹ 2008 ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም በተጻፈ ጽሑፍ ነው። መረቡ በጃንዋሪ 2009 ሥራ ጀመረ። ዋና መሥሪያ ቤት የለውም፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት መዝገብ ይዘው እርስ በርስ ይተራረማሉ። ስለዚህ አድራሻ ለማውጣት ማንንም ማስፈቀድ፣ ፎርምም መሙላት አያስፈልግም።

ስልክ ላይ የሚጫነው «ዋሌት» የሚባለው ፕሮግራም መጀመሪያ በዕጣ አንድ እጅግ ትልቅ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ እስከ 78 አሃዝ ሊደርስ ይችላል። ይህ የምስጢር ቁልፍ ነው። ከእሱ በሒሳብ ሁለተኛ ቁልፍ ይወጣል፤ ይፋዊ ቁልፍ እንበለው። ይፋዊው ቁልፍ ደግሞ «ሻ 256» እና «ራይፕ ኤምዲ 160» በሚባሉ ሁለት የሒሳብ ወፍጮዎች በተራ ይፈጫል። አድራሻው የሚሠራው ከሚወጣው ዱቄት ነው። ባለሙያዎቹ ዱቄቱን «ሃሽ» ይሉታል።

ወፍጮ ያልኩት በምክንያት ነው። ጤፍ ከተፈጨ በኋላ ዱቄቱን መልሶ ጤፍ የሚያደርግ ወፍጮ የለም። አድራሻችሁን ያየ ሰውም ከእሱ ተነሥቶ ወደ ቁልፋችሁ መመለስ አይችልም። ይሁን እንጂ አንዱን ቁልፍ መቶ ጊዜ ብታስፈጩት የሚወጣው ያው ዱቄት ነው። ከቁልፉ አንዲት አሃዝ ብትለወጥ ግን ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በዚህ ምክንያት አድራሻውን ለዓለም ሁሉ ማሳየት ይቻላል፤ የምስጢር ቁልፉን ግን ለማንም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አነጋገር ላርም። «ቢትኮይኔ ስልኬ ውስጥ ነው» እንላለን። ስልኩ ውስጥ ያለው ቁልፉ ብቻ ነው። ገንዘቡ በዓለም መዝገብ ላይ የተጻፈ መስመር ነው። ስልኩ ቢሰበርና ቁልፉ ሌላ ቦታ ተጽፎ ቢገኝ ምንም አይጠፋም። ቁልፉ ከጠፋ ግን መስመሩ ለዘላለም እዚያው እየታየ ይኖራል፤ የሚያነሣው የለም። የዌልሱ ጄምስ ሃውልስ በ2013 ወደ 8,000 የሚጠጋ ቢትኮይን ቁልፍ የያዘ ሃርድ ዲስክ ከቆሻሻ ጋር ተጥሎበት፣ የከተማውን የቆሻሻ ክምር ለማስቆፈር ዓመታት ሙሉ ከአስተዳደሩ ጋር ተሟግቷል። የገንዘቡን መስመር ማንም ማየት ይችላል፤ የሚጠቅመው ግን ማንም የለም።

ፊደሎቹ ምን ይነግሩናል?

የቢትኮይን አድራሻ ሲታይ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ቁጥር ነው፤ ሥርዓት ግን አለው። በ1 የሚጀምረው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በ3 የሚጀምረው ከ2012 ጀምሮ የመጣ ሲሆን ለማኅበር የሚጠቅመንን ዓይነት ቅድመ ሁኔታ መያዝ ይችላል፤ እመለስበታለሁ። በ«ቢሲ1» የሚጀምረው ከ2017 ወዲህ የመጣው አዲሱ ነው።

በ1 እና በ3 በሚጀምሩት ውስጥ ዜሮ፣ ትልቁ ኦ፣ ትልቁ አይና ትንሹ ኤል አይገኙም፤ ስለሚመሳሰሉ ሆን ተብሎ ወጥተዋል። እኛም ሆስፒታል 1 ሚሊግራም ስንጽፍ ከኋላው ነጥብና ዜሮ አንጨምርም፤ ነጥቧ ካልታየች 10 ተብሎ ይነበባልና። በአድራሻው መጨረሻም ከቀደሙት ፊደሎች የተሰላ ማረጋገጫ አለ። አንድ ፊደል ብትስቱ ዋሌቱ «ይህ አድራሻ አይደለም» ይላችኋል። ስሕተቱ ሳይታወቅ የማለፍ ዕድሉ ከአራት ቢሊዮን አንድ ገደማ ነው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ማረጋገጫው የሚነግረን አድራሻው በትክክል መጻፉን ነው። የማን እንደሆነ አይነግረንም። በጁላይ 2020 ሌቦች የባራክ ኦባማን፣ የጆ ባይደንን፣ የቢል ጌትስንና የሌሎች ታዋቂ ሰዎችን የትዊተር ገጽ ሰብረው ገቡ። «ወደዚህ አድራሻ የላካችሁትን እጥፍ አድርገን እንመልሳለን» ብለው ለጠፉ። በሰዓታት ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ ተላከላቸው። አድራሻው የተስተካከለ ነበር፤ ማረጋገጫውም ትክክል ነበር፤ ባለቤቱ ግን ሌባ ነበር።

የእኛም ሰው ከዚህ አልዳነም። በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር በቤት ሠራተኝነት የምትኖር እህት፣ ለታመመ ወገን መርጃ ተብሎ በቴሌግራም ወደተለጠፈ አድራሻ ያጠራቀመችውን ከላከች በኋላ ደወለችልኝ። «ማንን ልክሰስ? የት ሄጄ ላስቁም?» ነው ያለችው። አድራሻው አሁንም በመዝገቡ ላይ ይታያል፤ ገንዘቡ ወዴት እንደሄደም ይታያል። ዝውውሩን የሚያስቆም ቢሮ ግን የለም። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ከመላክ በፊት ያለው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ላይ የሚጻፈው ቅድመ ሁኔታ

ገንዘብ ሲላክ ምን ይሆናል? እያንዳንዱን ልገሳ እንደ ታሸገ ፖስታ ቁጠሩት። ፖስታው ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል፤ የገንዘቡ መጠንና የሚከፈትበት ቅድመ ሁኔታ። ይህ ቅድመ ሁኔታ «ስክሪፕት» ይባላል። አድራሻ ማለት እንግዲህ ለላኪው ዋሌት «ፖስታው ላይ ይህን ቅድመ ሁኔታ ጻፍ» ብሎ የሚያዝ አጭር ጽሑፍ ነው።

ፖስታ በከፊል አይከፈትም። የ100 ብር ኖት ይዛችሁ የ30 ብር ዕቃ ስትገዙ ኖቱን ቀዳችሁ አትሰጡም፤ ሰጥታችሁ 70 ብር መልስ ትቀበላላችሁ። እዚህም አሮጌው ፖስታ ሙሉ በሙሉ ይከፈትና አዳዲስ ፖስታዎች ይጻፋሉ፤ አንዱ ለተቀባዩ፣ ሌላው መልስ ሆኖ ለራሳችሁ። በአዲሶቹ ላይ ያልተጻፈ ትርፍ ካለ ዝውውሩን መዝገብ ላይ ለሚያሰፍረው «ማይነር» ክፍያ ሆኖ ይቀራል። ዋሌቱ ይህን በራሱ ያሰላል፤ ሆኖም የማኅበሩ ሒሳብ ያዥና ኦዲተር ሊያውቁት ይገባል። አለበለዚያ መዝገቡን ሲያዩ፣ ለራሳችን የተመለሰውን መልስ ለማናውቀው ሰው የተከፈለ ሊመስላቸው ይችላል።

የተለመደው ስክሪፕት የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፤ «ሲፈጭ ይህን ዱቄት የሚሰጥ ይፋዊ ቁልፍ አምጣ፤ በእሱ የሚረጋገጥ ፊርማም አምጣ።» ኮምፒውተሩ የሚያረጋግጠው ነገሮችን እንደ እንጀራ እየደራረበ ነው፤ መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሣል። በመጀመሪያ ፊርማው ይቀመጣል፤ በላዩ ይፋዊው ቁልፍ ይደረባል። «ኦፒ ዱፕ» የሚለው ትእዛዝ የላይኛውን ቁልፍ ያባዛል። «ኦፒ ሃሽ 160» ቅጂውን ይፈጨዋል። ፖስታው ላይ የተጻፈው ዱቄት በላዩ ይቀመጥና «ኦፒ ኢኳል ቬሪፋይ» ሁለቱን ያመሳክራል። ካልተመሳሰሉ ሥራው እዚያው ይቆማል። ከተመሳሰሉ ይነሣሉ፤ የቀሩት ቁልፉና ፊርማው ናቸው። በመጨረሻ «ኦፒ ቼክ ሲግ» ፊርማው በዚያ ቁልፍ መረጋገጡን ያያል። ትክክል ከሆነ ፖስታው ይከፈታል።

ይህ ፊርማ ወረቀት ላይ እንደምናደርገው አይደለም። የሚሰላው ከምስጢር ቁልፉና ከዝውውሩ ዝርዝር ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ሰው መጠኑን ወይም ተቀባዩን ቢለውጥ ፊርማው ይበላሻል። ቁልፉ ራሱ ከእጃችሁ ሳይወጣ ቁልፉን መያዛችሁን ታስመሰክራላችሁ።

የስክሪፕቱ ቋንቋ ሆን ተብሎ ጠባብ ተደርጓል። አንድን ሥራ እየደጋገመ የሚዞር ትእዛዝ የለውም፤ ስለዚህ ማንኛውም ኮምፒውተር በአጭር ጊዜ ፈጽሞ «አዎ» ወይም «አይ» ይላል። ዝውውሩ በአማካይ በየ10 ደቂቃው በሚወጣው የመዝገብ ገጽ ላይ ሰፍሮ ሌሎች ገጾች ከተደረቡበት በኋላ መመለስ አይታሰብም።

ሁለት ከሦስት

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ የማኅበራችን የሚሆነው። ስክሪፕቱ «አንድ ፊርማ» ብቻ እንዲል አይገደድም። «ከእነዚህ ሦስት ቁልፎች የሁለቱ ፊርማ ይምጣ» ማለትም ይችላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእድር ገንዘብ በዳኛው ብቻ እንዳይወጣ፣ ሙዳየ ምጽዋቱም በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይከፈት የሚያደርገውን ሥርዓት የምናውቀው ከአገራችን ነው። ሥርዓቱ የተበጀው ዳኛው ሌባ ስለሆነ አይደለም። ሰው ይታመማል፣ ይሞታል፣ ይፈተናል፣ ይሳሳታል። ሆስፒታልም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ተርፎ ሲደፋ ሁለተኛ ነርስ ቆማ ታያለች፤ ትፈርማለችም። ሁለተኛዋ ፊርማ የመጀመሪያዋንም ሰው ክብር ትጠብቃለች።

በ3 የሚጀምረው አድራሻ እዚህ ይጠቅማል። ባለሦስት ቁልፉ ቅድመ ሁኔታ እንዳለ ይፈጭና አድራሻው ከዱቄቱ ይሠራል። ለጋሹ የሚያየው አንድ አጭር አድራሻ ነው። ገንዘቡ ሲወጣ ግን ሙሉው ቅድመ ሁኔታ ከሁለት ፊርማ ጋር መቅረብ አለበት። በ«ቢሲ1» የሚጀምሩትም ይህን ማድረግ ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው እዚህ አለ። ቅድመ ሁኔታው የሦስቱንም ይፋዊ ቁልፎች ይዟል። አንዱ ሰው የምስጢር ቁልፉን ቢያጣ ሁለቱ ገንዘቡን ማውጣት ይችላሉ፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን የጠፋውን ሰው ይፋዊ ቁልፍ ቀድመው መዝግበው ካልያዙ ቅድመ ሁኔታውን እንደገና መጻፍ አይችሉም፤ ፖስታውም አይከፈትም። ስለዚህ ሦስቱም ሰዎች የሦስቱንም ይፋዊ ቁልፎች ዝርዝር ይያዙ። ዝርዝሩ ገንዘብ አያስወጣም፤ ከሌለ ግን ገንዘብ አይወጣም።

ሁለተኛው የሚዘነጋው የሥልጣን ርክክብ ነው። የባንክ ፈራሚ ሲቀየር ደብዳቤ ጽፈን የቀድሞውን እንሰርዛለን። የምስጢር ቁልፍ ግን ተረክበናል ቢባልም ቅጂው የቀድሞው ሰው ዘንድ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ኮሚቴ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ሦስት ቁልፍ ወጥቶ ገንዘቡ ወደ አዲሱ አድራሻ መዛወር አለበት፤ አሮጌውም ከገጻችን ይነሣ።

ጊዜንም መጻፍ ይቻላል። ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ በሚሠራ ትእዛዝ «ይህ ቀን ሳይደርስ አይከፈት» ይባላል። ሁለቱን በማጣመር «ሁለት ከሦስት፤ ይህ ካልሆነ ከተወሰነው ቀን በኋላ የአማካሪው ቁልፍ» ማለትም ይቻላል። ሁለት ቁልፍ ያዦች በአንድ ጊዜ አደጋ ቢደርስባቸው የእናቶቹ ገንዘብ ተቆልፎ እንዳይቀር ይረዳል።

ሳንጀምር ልናውቃቸው የሚገቡ

ብዙዎቻችሁ «ዩኤስዲቲ» የሚባለውን ታውቃላችሁ። እሱ ቢትኮይን አይደለም፤ ዋጋው ከዶላር ጋር እንዲሄድ አንድ ኩባንያ የሚያወጣው ነው፤ ኩባንያውም አድራሻን ማገድ ይችላል። በትሮን መረብ ሲላክ አድራሻው በ«ቲ» ይጀምራል፤ በኢቴሪየም በ«0ኤክስ» ይጀምራል። መረቡን ሳታመሳክሩ አትላኩ፤ ወደተሳሳተ መረብ የሄደ ገንዘብ ላይመለስ ይችላል።

የሕግ ነገርም አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውቆ፣ በክሪፕቶ መገበያየት እንዳልተፈቀደና ሕገ ወጥ እንደሆነ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ቢትኮይን ለጤና ጣቢያው ሠራተኛ ወይም ለሥራ ተቋራጩ መላክ አይታሰብም። ብንቀበል እንኳ እዚሁ ውጭ አገር ወደ ዶላር ተለውጦ፣ እንደ ወትሮው በባንክ ነው መሄድ ያለበት። አሜሪካ ውስጥ የታክስ መሥሪያ ቤቱ ከ2014 ጀምሮ ክሪፕቶን እንደ ንብረት ነው የሚያየው፤ ሒሳብ አዋቂ ይጠየቅ።

መዝገቡም ለሁሉም ክፍት ነው። አባል ሁሉ የገባውንና የወጣውን በራሱ ዓይን ማየት መቻሉ መልካም ነው። ግን አድራሻው የማን እንደሆነ የታወቀ ለጋሽ ቀሪ ገንዘቡም ሊታይበት ይችላል። ዋሌቶች ለእያንዳንዱ ለጋሽ የተለየ አድራሻ ማውጣት ስለሚችሉ ይህን እንጠቀም።

ለጉባኤው የማቀርበው

ወገኖቼ፣ እኔ ጀምሩም ተዉም ለማለት አልቆምኩም። ከተጀመረ ግን እንዲህ ይሁን እላለሁ።

አንደኛ፣ ሁለት ከሦስት ካልሆነ አንጀምር። ቁልፎቹ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው ባሉ፣ በዝምድና ባልተያያዙ ሦስት አባላት እጅ ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ ቁልፍ የሚመለስባቸው 12 ወይም 24 ቃላት በወረቀት ተጽፈው ይቀመጡ፤ በስልክ ፎቶ አይነሡ፣ በቫይበርም በቴሌግራምም አይላኩ። ማንም ሰው፣ የኮሚቴ አባልም ቢሆን፣ እነዚህን ቃላት ከጠየቃችሁ ሌባ ነው ብላችሁ ስልኩን ዝጉ።

ሦስተኛ፣ ደም ከመስጠታችን በፊት ሁለት ነርሶች አልጋው አጠገብ ቆመን የከረጢቱን ቁጥርና የታማሚውን የእጅ አንባር ድምፅ አውጥተን እናመሳክራለን። አድራሻም እንዲሁ ይደረግ። ለጋሽ ከመላኩ በፊት ለምታውቁት የኮሚቴ አባል ደውሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብብ። ኮፒ ያደረጋችሁትን በስውር የሚለውጥ ቫይረስ አለ፤ ዳርና ዳሩ ብቻ የሚመሳሰል አድራሻ የሚያዘጋጁ ሌቦችም አሉ። መጀመሪያ ትንሽ ልኮ መድረሱን ማረጋገጥም ይጠቅማል።

አራተኛ፣ የገባው ሁሉ በአጭር ቀን ውስጥ ወደ ዶላር ይለወጥ። ዋጋው ነገ ይወጣል ብለን የማዋለጃ ክፍሉን ገንዘብ አናቁማርበት።

አምስተኛ፣ የሚከብደው አባል በባንክ መላኩን ይቀጥል፤ ማንም አይናቅበት።

መሣሪያው መልካምም ክፉም አይደለም፤ ቸልተኛውን የማይምር ብቻ ነው። እናቶቻችን በባትሪ መብራት የሚወልዱበት ክፍል እንዲሠራ የምናዋጣው ገንዘብ ባለ አድራ ያስፈልገዋል። መረቡ ማንነታችንን ስለማይጠይቅ፣ እኛ እርስ በርሳችን እንጠያየቅ። ሦስቱን ቁልፍ ያዦች ለመምረጥ ዛሬ ስም መጠቆም ይቻላል፤ ጥያቄ ያላችሁም አሁን ጠይቁኝ።